ማን መራቸው? ከዱርቤቴ ወደ ግሽ ሚካኤል የተደረገ የአንድ ቀን ጉዞና የታሪክ ምንጮቻችን

(ይህ ጽሑፍ በትምህርት ክፍላችን የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ነው። በድምፅ ከተቀረጸው ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ንግግሬን በኑዛዜ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባዘጋጀሁት ፈተና ውስጥ «የዓባይን ምንጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። የምጠብቀው መልስ ፔድሮ ጳኤዝ የሚል ነበር። ጄምስ ብሩስ ብለው የጻፉትን በአስተያየት ግማሽ ነጥብ ሰጠኋቸው። አንድ ተማሪ ግን «የግሽ ሰዎች» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጥቼ ከጎኑ «ጥያቄውን ደግመህ አንብብ» ብዬ ጻፍኩበት። ዛሬ የምናገረው ጥያቄውን ደግሜ ማንበብ የነበረብኝ እኔ ራሴ መሆኔን እንዴት እንደተረዳሁ ነው።

ዱርቤቴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለን በዋናው መንገድ ዳር ቆመን፣ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ግሽ ጸበል የሚጓዙትን ሰዎች እናይ ነበር። ከተማችን አጠገብ የሚፈሰው ክልቲ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ከግሽ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወርድና ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ይሆናል። ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ሲጓዝ ክልቲን ተሻግሯል። ይህን ያነበብኩት ግን ካደግሁ በኋላ፣ ከአገሬ ርቄ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። የመንደሬን ወንዝ ስም በስኮትላንዳዊ መጽሐፍ ውስጥ ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ የሚያስተዛዝብ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ባለፈው ጥቅምት 27 ተማሪዎች ይዤ ወደ ግሽ ወጣሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ብሩስ ምንጩ ዘንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ስለሆነ እኛም በዚያው ዕለት እዚያው ቦታ ቆመን ጽሑፉን እናነባለን፣ ያየውን ካየነው ጋር እናስተያያለን። ኖቬምበር 4 በዘመናችን ጥቅምት 25 ስለሚውል ጉዞውን በጥቅምት 25 አደረግሁት። ዶሮ ሲጮኽ ከዱርቤቴ ተነሣን፤ ዳንግላንና እንጅባራን አልፈን፣ ከዋናው አስፋልት በቲሊሊ በኩል ታጥፈን፣ መኪናውን መንገድ ላይ ትተን በእግር ቀጠልን።

የመጀመሪያው ትምህርት ገና መንገዱን ሳንጋመስ መጣ። አባቱ የቅኔ መምህር የሆኑ አንድ ተማሪ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ ቀኑን የተሳሳትን ይመስለኛል» አለኝ። ምክንያቱን በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። ዛሬ በጎርጎርዮስና በዩልዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ነው። በብሩስ ዘመን ግን 11 ቀን ነበር። ስለዚህ ያ ዕለት በእኛ ባሕረ ሐሳብ የዋለው ጥቅምት 25 ሳይሆን ጥቅምት 27 ነው። ዕለቱም እሑድ ነበር። ጥቅምት 27 ደግሞ የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው።

ለሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራቴ አሳፍሮኛል፤ ነገር ግን እፍረቱ ጠቅሞኛል። ብሩስ ወደ ግሽ ሚካኤል የቀረበበት ዕለት ለእርሱ የድል ቀን ነበር። ለአካባቢው ክርስቲያን ግን እሑድም መድኃኔ ዓለምም የገጠሙበት ድርብ በዓል ነበር። ቀኑን በባዕድ አቆጣጠር ብቻ ስንይዘው በዚያ ሥፍራ የነበሩት ሰዎች ኑሮ ከዓይናችን ይጠፋል። ጳኤዝ ምንጩን ያየሁበት ብሎ የመዘገበውን ኤፕሪል 21 ቀን 1618ንም በዚያው ስሌት መለስነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ሆኖ ተገኘ፤ በትንሣኤ ሳምንት ያለው ቅዳሜ ነው። ጳኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ነበር። የጾሙ ወራት ተፈጽሞ፣ በጋው ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ ማለት ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ትምህርት ያመጣናል፤ እርሱም ስለ አየሩ ጠባይ ነው።

ስንነሣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሣሩ ላይ ጤዛው እንደ ጨው ነጥቶ፣ የገብሱ ማሳ ወደ ቢጫነት እያደላ ነበር። ተማሪዎቹ መልክአ ምድሩን እያደነቁ ብሩስም ይህንኑ ሳያይ አልቀረም ይሉ ነበር። እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። ከፊታችን የነበረው ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በየጓሮው የተቆፈረው ድንች ወደ አገራችን መጣ የሚባለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ጋር ነው። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለው ዲከረንስ ደግሞ የእነርሱ ታላላቅ ወንድሞች ያዩት የትናንት ነገር ነው። ካየነው ሁሉ ብሩስ ሊያውቀው የሚችለው ገብሱንና ተራራውን ነበር። ጥንታዊ የሚመስለን ገጠር ብዙ ጊዜ ከአያቶቻችን ዕድሜ አያልፍም።

አራት ሰዓት ሲሆን ከምዕራብ በኩል ደመና ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ወረደ። በጥቅምት እንዲህ ያለ ዝናብ ያልተለመደ ነው እያልን ሳለ በረዶ ቀላቅሎ ወረደብን። እረኞቹ ገሳቸውን ደፍተው በየጥጉ ሲጠለሉ እኛ የከተማ ልብስ ለብሰን እየሮጥን ግሽ ሚካኤል ደጀ ሰላም ገባን። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቅርብ ነው፤ ግን አሥር እርምጃ ያህል እንኳ ፊት ለፊታችን ማየት አልቻልንም።

ተጠልለን ሳለን የጳኤዝንና የብሩስን ጽሑፎች አወጣን። ብሩስ ጳኤዝን ክፉኛ ይነቅፈዋል፤ ምንጩን ፈጽሞ አላየውም እስከ ማለት ይደርሳል። ያነበበው ግን የጳኤዝን ራሱን መጽሐፍ አልነበረም። አትናሲየስ ኪርኸር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጠቀሰው ቅንጫቢ ነው የተነሣው። የጳኤዝ ሙሉ ሥራ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1905 እና 1906፣ ብሩስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በቤካሪ አማካይነት ነው። ጳኤዝ ሁለት ክብ ምንጮችን ይገልጻል። ብሩስ ሦስት ያያል፤ ዋናውን በአረንጓዴ ሣር ከተሠራ መሠዊያ መሰል ጉብታ መካከል፣ ሌሎቹን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው። ይህ ልዩነት ለረጅም ጊዜ የክርክር ምክንያት ሆኗል። እኔም በክፍል ውስጥ የማን ቃል ይታመናል እያልኩ አስተምሬበታለሁ።

በዚያ በረዶ ሥር ተቀምጠን ግን አንዲት ተማሪ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። «አንዱ በሚያዝያ፣ ሌላው በጥቅምት መጨረሻ ነው የመጡት፤ ውኃው በሁለቱ ወራት አንድ ዓይነት ይሆናል?» አለች። ረግረግ ምድር በበጋ መጨረሻ ይሸሻል፤ ክረምት በወጣ ማግሥት ግን ከየቦታው ያመነጫል። ጳኤዝ ራሱ ይህን የሚያስረዳ ነገር ጽፎ ነበር። በምንጩ ዙሪያ ያለው መሬት ሲረግጡት ይንቀጠቀጣል ይላል። የአካባቢው ሰዎችና ንጉሠ ነገሥቱ ግን ዓመቱ ድርቅ ስለነበረ በዚያ ጊዜ መንቀጥቀጡ ማነሱን ነግረውታል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ምስክርነት መሆኑን ግን አላስተዋልኩም ነበር። ጳኤዝ ያየው አንድ ቀን ነው። ከሌሎቹ ዓመታት ጋር ማስተያየት የቻሉት ያዩት ሰዎች ናቸው። ቦታውን የማወቅ ዕውቀት በእነርሱ ዘንድ ነበር፤ እርሱ ጻፈው።

ሁለቱ ተጓዦች የተለያዩት በወራቱ ምክንያት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በመቶ ኀምሳ ዓመት ውስጥ ምንጩ በሰው እጅ ሊጠረግ፣ ሊከለል፣ ሊቀየር ይችላል። የምለው፣ አንዱን ውሸታም ከማለታችን በፊት ዝናቡን መጠየቅ ነበረብን ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ግን አልተገለጠም። እዚያው የተጠለሉ አንድ አዛውንት እንመራችሁ አሉን። ተማሪዎቹ አያ እያሉ ሲጠሯቸው እርሳቸው ደግሞ «በሉ ልጆቼ፣ ጫማችሁን እዚሁ አውልቁ፤ እህል የቀመሳችሁም ወደ ጸበሉ አትጠጉ» አሉ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካርታ እያየሁ ከኋላ ተከተልኩ። ካርታው ቀጥ ብለህ ሂድ አለኝ። ቀጥ ብዬ ስሄድ ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። አያ ተመልሰው ክንዴን ያዙና «መምህር፣ ሣሩ ሲለመልም አይመኑት» አሉኝ።

ጫማ ስለማውለቅ የተነገረን ትእዛዝ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ብሩስ ግልገል ዓባይን በጉቶ መሻገሪያ ላይ ሊሻገር ሲል ነዋሪዎቹ ጫማውን እንዲያወልቅ አስገድደውታል። ግሽ ሲደርስም ወልዶ የተባለው መሪው ምንጩን በጣቱ ካሳየው በኋላ፣ ጉብታው ላይ ሊወጣ ከሆነ ጫማውን እንዲያወልቅ መክሮታል፤ የአካባቢው ሰዎች ወንዙን የሚያመልኩ ናቸውና። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁለቱን ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለት ጊዜ የወደቀው ሰው ስሙ በዓለም ናኘ። መንገዱን ያወቀው ወልዶ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሚታወሰው ከሁሉ ይልቅ የብሩስን ሐር መታጠቂያ በመመኘቱ ነው።

ነገሩን ልብ ብለን ስናየው ብሩስ በአንድም እርምጃ ብቻውን አልነበረም። ዐፄ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሚካኤል ስሑል ግሽን ጉልት አድርገው ሰጥተውታል። የዳሞቱ ገዥ ዋረኛ ፋሲል ኮርቻ እንደተጫነ የራሱን ፈረስ ሰጥቶ ከፊት እንዲያስቀድመው አድርጓል፤ ፈረሱን ያየ ሁሉ የጌታውን ሥልጣን አውቆ መንገድ ይለቃልና። ወልዶ መራው። ክፍለ ዓባይ ብሎ የጠራው የወንዙ አገልጋይ ሽማግሌ ስለ መሥዋዕቱ ሥርዓት ነገረው። ምንጩን ለማየት የቤተ መንግሥት ፈቃድ፣ የአገረ ገዥ ፈረስ፣ የመሪ እግርና የካህን ቃል ያስፈለገውን ሰው አገኘ ማለት ቋንቋችንን ማበላሸት ነው። ደረሰ ማለት ይበቃል። ትክክሉም እርሱ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደኝ ትምህርት የመጣው ከምንጩ ዳር ነው። ዛሬ ሥፍራው የታጠረ ጸበል ነው። ምእመናን የጻድቁን የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ስም ይጠራሉ፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ እንደተቀበሉ ይተርካሉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ጽሑፎችና ብሩስ ደግሞ በዚሁ ቦታ አገዎች ለወንዙ ላም ይሠዉ እንደነበር ይናገራሉ። ከተማሪዎቻችን አንዷ የአዊ ልጅ ነች፤ አፏን የፈታችው በአውኝ ነው። አያን በትሕትና፣ «እዚህ አገውኛ የሚናገር ሰው ነበረ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ቆም ብለው አሰቡና «የአያቴ እናት ይናገሩት ነበር ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልደረስኩበትም» አሏት።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቦታው የማን ነበር ወደሚል ክርክር ይሮጣሉ። በዘመናችን ያ ጥያቄ ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው በጥንቃቄ መናገር የምፈልገው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ባሳተሙት ጥናት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው የመዋሐድ ታሪክ መሆኑን አሳይተውናል፤ ጦርነትም፣ ጋብቻም፣ ክርስትናም፣ ቋንቋ መለወጥም ያለበት ረጅም ሂደት። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል በአገው ላይ የተደረጉትን ዘመቻዎች ሳይሸሽግ ይተርካል። ስለዚህ ሂደቱ ሁሉ በፍቅር የሆነ ነበር አንልም። ነገር ግን የአያ ቅድመ አያት አውኝ ተናጋሪ ከነበሩ፣ አገዎቹ ወዴትም አልሄዱም። አያ ሆነዋል። ምናልባት እኔም ሆኜአለሁ። ታሪክ የርስት ማስረጃ አድርገን ብንይዘው የሚያረጋግጥልን ነገር ቢኖር አንዳችን በሌላው ውስጥ መኖራችንን ነው።

ጫማ የማውለቁም ነገር እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች የዛሬው ሥርዓት የወንዝ አምልኮው ቅሪት ነው ብለው ለመደምደም ቸኮሉ። እኔ አልቸኮልኩም። ጫማን ማውለቅ ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት የታዘዘው ነው፤ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ የሚደረግ ነው። አንድ ድርጊት ሁለት ሥር ሊኖረው ይችላል። የታሪክ ባለሙያ ሁለቱንም ሥር መቆፈር አለበት፤ አንዱን ብቻ ነቅሎ ይኸው ማለት የለበትም።

እኛ ከምንጩ ዳር ስንቆም የምናየው ነገር ጥቂት ነበር። ጉሙ መካከል እርጥብ ሣር፣ የእንጨት አጥር፣ ጀሪካን የያዙ ሦስት እናቶች። ብሩስም በኋላ ምንጩ ዳር ቆሞ ኀዘን እንደተሰማው ጽፏል፤ የታላላቅ ነገሥታት ምኞት የነበረው ነገር ይህ ብቻ መሆኑ። አንድ ተማሪ ይህን ሲያነብ ከእናቶቹ አንዷ ምን እያነበበ እንደሆነ ጠየቁን። ነገርናቸው። «ጸበሉን ጠጣው ወይ ታዲያ?» አሉ። አዎ ጠጥቷል፤ በገዛ ንጉሡ ስም ጽዋውን አንሥቶ ነው የጠጣው አልናቸው። «እንግዲያስ ምን አሳዘነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ሰማዩ እንደ ጥዋቱ ጥርት ብሎ ነበር። ከኋላችን ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል። ጉም ያልነበረበት ቀን ሄደን ቢሆን ኖሮ ሁሉን ያየን መስሎን በተመለስን ነበር።

ከዚህ ጉዞ በኋላ በትምህርቴ ላይ ያደረግሁት ለውጥ ምን እንደሆነ ተናግሬ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ ዞሮ ካጠና በኋላ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ጀሮኒሞ ሎቦም፣ ቻርልስ ቢክም ከእርሱ በፊት ስለዚሁ አገር ጽፈዋል። እነዚህን ሁሉ አሁንም አስተምራለሁ። ያለ እነርሱ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበርና ልንጥላቸው አይገባም። ነገር ግን ተማሪዎቼ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሲያነቡ አራት ጥያቄ እንዲጠይቁ አዝዣለሁ። ጸሐፊው የደረሰበት ዕለት በቦታው ሰዎች አቆጣጠር ምን ቀን ነበር? ወራቱ ምን ነበር፣ ዝናብ ወይስ በጋ? ማን መራው? የመራው ሰው ምን ነገረውና ጸሐፊው እንደ ራሱ ዕውቀት አድርጎ ጻፈው?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚገኝባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ ድርቁ መንቀጥቀጡን ቀንሶታል የሚለው የጳኤዝ ዓረፍተ ነገር አንዱ ነው። ተመራቂ ተማሪዎቻችን እነዚህን መጻሕፍት በዚህ ዓይን ተመልሰው ቢያነቡ ለብዙ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ነገር ያገኛሉ። የሰቀላና የአዊ ሽማግሌዎችም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገ አይኖሩም። አያ አልደረስኩበትም ያሉትን የሚያውቅ ሌላ ሽማግሌ ምናልባት በሚቀጥለው ጎጥ ይኖር ይሆናል። መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ። ጫማችሁንም አውልቁ።

ያንን ዜሮ የሰጠሁትን ተማሪ በተመለከተ፣ የፈተና ወረቀቱ ዛሬ የለም፤ ውጤቱን ማስተካከልም አይቻልም። ምናልባት አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ ያስተምር ይሆናል፤ ምናልባትም በእኔ ምክንያት ታሪክን ጠልቶ ሌላ ሥራ ይዞ ይሆናል። የትም ይሁን የት፣ በዚህ መድረክ በይፋ መናገር የሚገባኝን እናገራለሁ፤ መልሱ ትክክል ነበር።

 አሁን ለጥያቄና ለአስተያየት መድረኩ ክፍት ነው።